ስታሊን መርከቡን ሰርቶ አዛዡን ረሸነ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተወራ ቁጥር "ሶቭየት እኮ በ1941 ከ200 በላይ ሰርጓጅ መርከብ ነበራት፣ በብዛት ከዓለም አንደኛ" የሚል አይጠፋም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ከዛ ተነስቶ ጠንካራ ባህር ሃይል ነበራት የሚለው በፍጹም አይዋጥልኝም።

ሲጀመር ሶቭየቶቹ ከዛሩ የወረሱት ባህር ሃይል ራሱ ፍርስራሽ ነው፣ ከጥቁር ባህር መርከቦች ከፊሉን በ1918 ኖቮሮሲስክ ላይ የራሳቸው ሰዎች አሰጠሟቸው፣ የተረፈውን ደግሞ በ1920 የቦልሼቪኮቹ ጠላት የሆነው የጄኔራል ቭራንግል ወገን ይዞት ቱኒዝያ ገባ። ከዛር ዘመን ለአገልግሎት የበቁት ትልልቅ የጦር መርከቦች ሶስት ብቻ ናቸው፣ ማራት፣ የጥቅምት አብዮትና የፓሪስ ኮሚዩን። ይቺ የመጨረሻዋ ለባልቲክ የተሰራች፣ አፍንጫዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማዕበሉን ይከላከልላት ብለው ፊቷ ላይ ብረት ቀጠሉላት፣ በ1929 መጨረሻ ወደ ጥቁር ባህር ስትላክ ከፈረንሳይ በስተምዕራብ ያለው ቢስኬ ባህረ ሰላጤ ላይ አውሎ ነፋስ አገኛትና ያው የተቀጠለው ብረት ውሃውን እየዛቀ እላይዋ ላይ ያጠራቅመው ጀመር፣ ተጎድታ ለጥገና ፈረንሳይ ብሬስት ወደብ ገባች።

ሰርጓጆቹስ? በርካቶቹ ማሊውትካ የሚባሉት ትንንሾች ናቸው፣ በባቡር ተጭነው ሩቅ ምስራቅ ድረስ እንዲሄዱ ታስበው የተሰሩ። ጃፓን እዛው ጎረቤት ያለችውን የቻይና ግዛት ማንቹሪያን ስለያዘች ሃሳቡ ብልህነት ነበር፣ አልክድም፣ ግን የመጀመሪያዎቹ የሚይዙት ሁለት ቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ የሚተኮስ መሳሪያ) ነው፣ እነሱንም ከትልልቆቹ እኩል አንድ ብሎ መቁጠር ያሳስታል።

እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የሰዎቹ ነገር ነው። ከ1926 እስከ 1939 ባህር ሃይሉን በየተራ የመሩት ሙክሌቪች፣ ኦርሎቭ፣ ቪክቶሮቭ፣ ስሚርኖቭ፣ ፍሪኖቭስኪ፣ አምስቱም ተረሸኑ! ፍሪኖቭስኪ ጭራሽ ባህረኛ እንኳን አልነበረም፣ ከሚስጥር ፖሊስ ነው የመጣው። በ1939 ኩዝኔትሶቭ ገና በ34 ዓመቱ ሲሾም ከላዩ ልምድ የሚያካፍለው ሰው አልቆ ነበር።

ግድያው በተጧጧፈበት በ1938 ነው እንግዲህ ስታሊን 59 ሺህ ቶን የሚመዝኑትን ሶቬትስኪ ሶዩዝ የተባሉትን ግዙፍ የጦር መርከቦች ያስጀመረው፣ አንዷም አላለቀችም። ያ ሁሉ ብረት ባህር ውስጥ የተጠመደ ፈንጂ የሚጠርግ መርከብ ቢሰራበት ኖሮ እላለሁ፣ ምክንያቱም ኦገስት 1941 ጀርመኖች ሲገፏቸው ከኢስቶኒያዋ ወደብ ከታሊን ሲወጡ ጠራጊ አንሷቸው መርከቦቹ ወታደርና ሲቪል እንደጫኑ ፈንጂ ላይ እየወጡ ሰጠሙ።