ቀናቸው ደርሶ አይደለም

ወገኖቼ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። እኛ ዘንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው፤ ቄጤማው ሲገዛ፣ ችቦው ሲታሰር የዋለበት ቀን። መካ ላይ ደግሞ ለሐጅ ቀድመው የገቡ ምእመናን በመስጂድ አል ሐራም ተሰብስበው የመግሪብን ሰላት ይጠብቁ ነበር። ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋስ ተነሳ፣ ዶፍ ወረደ። ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ በመስጂዱ ምሥራቅ በኩል ለማስፋፊያው ሥራ የቆመ አንድ ግዙፍ ክሬን ተገለበጠ። ክንዱ ጣሪያውን ጥሶ በሰዎቹ ላይ ወደቀ። 111 ሰው ሞተ፤ 394 ሰው ቆሰለ።

ይህን ይቅር ማለት አልችልም። ክሬኑ ሊብኸር ኤልአር 11350 የሚባል በሰንሰለት የሚሄድ ማሽን ነበር፤ የማንሳት አቅሙ እስከ 1,350 ቶን ይደርሳል። ሆኖም ያን ሰዓት ሥራ ላይ አልነበረም። ገመድ ተበጥሶ፣ ከልክ በላይ ጭነት ተጭኖበት፣ ኦፕሬተሩ አጉል ማንሻ ነክቶ አይደለም የወደቀው። ክንዱን ወደ ሰማይ እንደቀሰረ ትተውት ሄደው ነው።

አጣሪው ኮሚቴ ያገኘው ይህንኑ ነው። የአምራቹ መመሪያ ክሬኑ ሥራ ሲያቆም ወይም ነፋስ ሲነሳ ዋናው ክንድ መውረድ አለበት ይላል። አልወረደም። ማሽኑ ሲጠፋ የነፋሱን ፍጥነት የለካ የለም። ለደኅንነት የተመደቡት ሰዎች የሜትሮሎጂውን ማስጠንቀቂያ አልተከታተሉም። የክሬኖቹ አቋቋም እንዲፈተሽ፣ በተለይ የዚያ የወደቀው፣ ከሚመለከታቸው አካላት ተደጋግሞ ተጠይቆ ነበር፤ መልስ አልተሰጠም። አንዱ እንኳ ቢደረግ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ሰላታቸውን ሰግደው ወደ ማደሪያቸው ይመለሱ ነበር።

ከተቋራጩ ወገን የመጀመሪያው ቃል ምን ነበር? ቴክኒካዊ ችግር የለም፣ የአላህ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፍርድ ቤትም ምክንያቱ ዝናቡና ማዕበሉ ነው ብሎ ተከሳሾቹን በነጻ አሰናበተ። ያ ፍርድ ተሽሮ ተቋራጩ በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተብሎ 20 ሚሊዮን ሪያል እስኪቀጣ ዓመታት አለፉ።

እዚህ ላይ ነው ወደ ራሳችን የምዞረው። «የአላህ ሥራ ነው» ያለውን ሰው ለመውቀስ አፍ የለንም። እኛም አገር ሠራተኛ ከሕንጻ ሲወድቅ፣ ፌሮ ከመንጠቆ ሾልኮ ሰው ሲመታ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የምንለው «ቀኑ ደርሶ ነው» ነው። እንላለን፣ ንፍሮ እንበላለን፣ እንበተናለን። መመሪያው ምን ይላል፣ ፍሬኑን ማን ዘጋው፣ ነፋሱን ማን ለካ ብሎ የሚጠይቅ ለቀስተኛ የለም። ፈጣሪን ለስንፍናችን ምስክር አድርገን እናቆመዋለን። ይህ ድፍረት ነው፤ እምነት ብለን ስለጠራነው እምነት አይሆንም።

ነፋስ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊያውቀው ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንድ ካሬ ሜትር ገጽ ላይ 6 ኪሎ ያህል ክብደት ያሳርፋል፤ 72 ሲደርስ 25 ኪሎ፤ 108 ሲደርስ 56 ኪሎ። ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ የፎርምወርክ (የኮንክሪት መሙያ ቅርጽ) ጣውላ በ72 ኪሎ ሜትር ነፋስ ውስጥ ማንጠልጠል ጭነቱን ወደ ጎን በ150 ኪሎ መግፋት ነው። መሬት ላይ ለስለስ ያለው ነፋስ ወደ ላይ ሲወጡ ይበረታል፤ ስለዚህ መለኪያው የሚተከለው ክሬኑ አናት ላይ ነው። ፎርማኑ እጁን አውጥቶ «ደህና ነው» ማለቱ ልኬት አይደለም።

በየከተሞቻችን በብዛት የምናየው ረጅም አምድ ላይ የቆመው ታወር ክሬን ስለሆነ ስለ እርሱ ልናገር፤ ምክንያቱም ትእዛዙ ከመካው ክሬን የተለየ ነው። የተለመደው የታወር ክሬን ክንድ አይወርድም። ሥራ ሲያበቃ መደረግ ያለበት የመዞሪያውን ፍሬን መልቀቅ ነው፤ ክንዱ ሌሊቱን ሙሉ ከነፋሱ ጋር እንዲዞር። ጭነቱ ይወርዳል፣ መንጠቆው ባዶውን ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ትሮሊው፣ ማለትም መንጠቆውን ተሸክሞ ክንዱ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሄደው ጋሪ፣ መመሪያው ወደሚለው ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አምዱ፣ ይጠጋል። ከዚያ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባዶ ክሬን ሚዛኑ ወደ ኋላው፣ ወደ ኮንክሪት ክብደቱ ያደላል። ክንዱ ነፋሱ ወደሚሄድበት ሲዞር ያ ክብደት የነፋሱን ግፊት በተቃራኒው ይይዘዋል። ፍሬኑ ከተዘጋ ግን ነፋሱ የክንዱን ሙሉ ጎን ያገኘዋል፤ አምዱን ያጎብጠዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ የእግሩን ብሎኖች ይፈትናል። «ክንዱ እየዞረ የጎረቤቱን ሕንጻ እንዳይመታ» ብላችሁ ፍሬን የምትዘጉ፣ ወይም በገመድ የምታስሩት፣ ክሬኑን የተከላችሁት በተሳሳተ ቦታ ነው። አምዱ ላይ የማስታወቂያ ሸራ የምትሰቅሉም አምራቹ ያላሰበውን ሸራ ለነፋሱ ሰጥታችሁታል።

ሌላው ጭነት ነው። «ስድስት ቶን ያነሳል» ይባላል። ስድስት ቶን የሚያነሳው አምዱ አጠገብ ነው፤ አገር ውስጥ የተለመደው ዓይነት ክሬን በ50 ሜትር ጫፉ ላይ የሚችለው 1.3 ቶን ብቻ ነው። ግማሽ ሜትር ኩብ እርጥብ ኮንክሪት 1.2 ቶን ይመዝናል፤ ባልዲውን ስትጨምሩበት ልኩን አለፈ። ያኔ ሊሚት ስዊቹ፣ ጭነት ከልክ ሲያልፍ ክሬኑን የሚያስቆመው መሣሪያ፣ ይጮኻል፣ ክሬኑ እምቢ ይላል፤ እኛም ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ስዊቹን ከሥራ ውጭ እናስደርገዋለን። ሥራውን የሚያስተጓጉል ብልሽት አስወገድን እንላለን። ያስወገድነው በዚያ ማሽን ላይ እውነቱን የሚናገረውን ብቸኛ ነገር ነው።

ሌላው ዓለምም አልዳነም። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሌሊቱን መመሪያው በሚለው መንገድ ሳይቀመጥ ያደረ ክሬን ጠዋት በነፋስ ውስጥ ሲያወርዱት ወድቆ መንገደኛ ገደለ። ሀብትና ሕግ ብቻቸውን አያድኑም።

ሕጉ እኛም ዘንድ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት በአሠሪው ላይ ይጥላል። ታዲያ እናንተ ኮንትራክተሮች፣ ኦፕሬተሩ «ነፋስ አለ፣ አላነሳም» ሲል በማግስቱ የቀን አበሉን የምትቆርጡት ለምንድን ነው? አማካሪዎችስ፣ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ስትፈትሹ ከራሳችሁ በላይ የሚያልፈውን ስሊንግ፣ ጭነቱ የሚታሰርበትን የሽቦ ገመድ፣ ቀና ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሽቦው የተፈታ፣ የዛገ፣ የተቆለመመ ስሊንግ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ ለቀላል ጭነት ተብሎ አይቀመጥም። እኛ መንገደኞችስ፣ የተንጠለጠለ ብሎኬት ሥር የምናልፈው ጥበቃው ሲከለክለን ተቆጥተን ነው። ሁላችንም እጃችን አለበት።

ደክሞናል፤ ይህ ቃል አዲስ አይደለም። ግን እነዚህ ማሽኖች ላይ የሚወጡት ወጣቶች መማር የሚፈልጉ ናቸው። መመሪያው በቻይንኛ ብቻ የመጣላቸው ካሉ አስተርጉሙላቸው፤ ሌላው ቢቀር ሥራ ሲቆም ምን እንደሚደረግ የሚናገሩትን ገጾችና የጭነት ሠንጠረዡን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ኦፕሬተሩ በሚያነበው ቋንቋ ጽፋችሁ ካቢኑ ውስጥ ለጥፉት። የነፋስ መለኪያ ግዙ። ምሽት ላይ ፍሬኑ መለቀቁን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው በስሙ መድቡና አስፈርሙት። ክረምቱ ሳይገባ አድርጉት።