ሲኒ እየለየን፣ ምላጭ እየተዋዋስን

ጎንደር ውስጥ አንድ ቤት አለ። ሰፈሩን አልጠራም። ቡና እየጠጣሁበት ያደግኩበት ቤት ነው። ረከቦቱ ላይ የሚደረደሩት ሲኒዎች ነጭ ናቸው፤ አፋቸው ዙሪያ ቀጭን የወርቅ ቀለም አላቸው። ከእነሱ ራቅ ብላ አንዲት የሻይ ብርጭቆ ትቀመጣለች። የማን እንደሆነች ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ሁሉም ግን ያውቃል። የምትጠጣባት የቤቱ እመቤት የእትየ ወንድ ልጅ ሚስት ናት። ሲኒዎቹ ተቀድተው ካለቁ በኋላ ብርጭቆዋ ለብቻዋ ትቀዳለች። ስትታጠብም ለብቻዋ ነው፤ በሌላ ጣሳ፣ በሌላ ውኃ።

"እሷን ሲኒ ያቃጥላታል" ይላሉ እትየ፣ እንግዳ ሲጠይቅ። ቡና ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ግን እጅ የሚያቃጥለው ብርጭቆው መሆኑን ያውቃል።

ልጅቷ ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች 11 ዓመት ሆኗታል። ማታ ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ አንድ ክኒን ትውጣለች። ባሏ ተመርምሮ ነጻ ነው። ሁለቱ ልጆቿም ነጻ ናቸው። ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። "ስሜን ተወው፤ ብርጭቆዋን ግን ጻፋት" ነው ያለችኝ።

ያቺን ብርጭቆ እኔም ለዓመታት እያየሁ ዝም ብያለሁ። ሰው ቤት ተቀምጦ የሰው ሥርዓት መንቀፍ ነውር መስሎኝ ነበር። አሁን ዝምታዬ ይቆጨኛል።

እትየ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጅቷ ስትታመም ገንፎ አገንፍተው አልጋዋ ድረስ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። በሽታው አገራችን ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲታወቅ ግን መድኃኒት አልነበረም። ሰው ከስቶ፣ አልጋ ላይ ውሎ ይሞት ነበር። "አመንምን" የተባለውም ለዚህ ነው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የራስ ቅል የተሳለበት ፖስተር ነበር። ከሥሩ የተጻፈውን ረስቼዋለሁ፤ የራስ ቅሉን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ሕዝባችን መፍራትን በሚገባ ተማረ። ምኑን መፍራት እንዳለበት ግን በሚገባ የነገረው የለም።

ይህ የሆነው ደግሞ የጤና ትምህርት ብርቅ ባልሆነበት ከተማ ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ጀምሮ ከተማችን የጤና ባለሙያ ስታፈራ ኖራለች። የሰፈሬ ሰው ግማሹ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ዘመድ አለው። ሆኖም ብርጭቆዋ አልተነሳችም።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቫይረሱ ወደ ሌላ ሰው ለማለፍ በሚበቃ መጠን የሚገኘው በደም፣ በወንድ የዘር ፈሳሽና ከእሱ ቀድሞ በሚወጣው ፈሳሽ፣ በሴት ብልት ፈሳሽ፣ በፊንጢጣ ፈሳሽና በጡት ወተት ውስጥ ነው። ከነዚህ አንዱ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ወደ ሌላው ሰው ሰውነት የሚገባበት በር ማግኘት አለበት። በሩ የብልት ወይም የፊንጢጣ ስስ ቆዳ ሊሆን ይችላል፤ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ የመርፌ ጫፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንገዱ የታወቀ ነው፦ ያለ ኮንዶም የሚደረግ ግንኙነት፣ የደም ንክኪ፣ ከእናት ወደ ልጅ። አገራችን ውስጥ ብዙውን የሚይዘው የመጀመሪያው ነው።

ምራቅ ከዚህ ውስጥ የለም። ላብ የለም። እንባ የለም። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ አቅም የለውም፤ አየርና ድርቀት ቶሎ ያዳክሙታል። ሲኒ ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን ጠጪ አይጠብቅም። የጽዋ ማኅበር ላይ ጠላው በአንድ ዋንጫ ቢዞር አያስተላልፍም። ጉርሻ አያስተላልፍም። አንድ አልጋ ላይ ማደር፣ ልብስ መዋዋስ፣ ለቅሶ ላይ መተቃቀፍ፣ አንድ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ሳል፣ ማስነጠስ፣ አንዳቸውም አያስተላልፉም። በጥምቀት ዕለት የፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ስንት ወጣት ተግተልትሎ ይገባል! አንድ ሺህ ሰው አንድ ውኃ ውስጥ ቢንቦራጨቅ ኤችአይቪ በውኃው አይተላለፍም።

ስለ ትንኝ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ከደምቢያና ከመተማ በኩል የመጣ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታመላልሰው ትንኝ ከሆነች ይህን ለምን አታመላልስም? መልሱ እንዲህ ነው። የወባ ተሕዋስ ትንኟ ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ ይራባል፣ ከዚያም ወደ ምራቋ ይሄዳል። ትንኝ ስትነክሰን ወደ እኛ የምትለቀው ምራቋን ነው እንጂ ቀደም ብላ የመጠጠችውን የሌላ ሰው ደም አይደለም። ኤችአይቪ ደግሞ ትንኟ ውስጥ መራባት አይችልም። ሆዷ ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል። ቢተላለፍ ኖሮ ወባ ባለበት ቆላ ሁሉ ሕፃናትና ሽማግሌዎች እኩል ይያዙ ነበር።

አንድ ቁጥር እትየን ሳያሳስባቸው አልቀረም። ነርስ ናት እንበል። ቫይረሱ ያለበትን ሰው፣ ያውም መድኃኒት ያልጀመረውን፣ በወጋችበት መርፌ ራሷን ወጋች። ደም የነካ መርፌ ነው፤ ቆዳ በስቶ ገብቷል። እንዲያም ሆኖ የመያዝ ዕድሏ ከ1,000 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ነው። "ታዲያ የሲኒውስ ስንት ነው?" አሉኝ። ዜሮ ነው፣ እትየ። ዜሮ።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። በዚያው ግቢ፣ ልጅ ሆኜ፣ አንዲት ነቃሽ መጥታ ሦስት እኅትማማቾችን በአንድ ቀን ድዳቸውን ስትነቅስ አይቻለሁ። በጥቀርሻ የጠቆረ አንድ የመርፌ እስር ነበራት። ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ ስታሻግር በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ታደርገዋለች። የልጆቹ አገጭ ላይ ደም ይንጠባጠባል። ማንም "መርፌው ይለወጥ" አላለም። ዋግምት ሲበጣም፣ እንጥል ሲቆረጥም፣ ልጅ ሲገረዝም እንዲሁ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው አዲስ ምላጭ ይገዛል፤ ደስ ይለኛል። ግን አሁንም ምላጭ የሚዋዋሱ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ሲኒ የሚለይ ቤት ውስጥ ምላጭ የጋራ ሲሆን ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል ማለት ነው። ደም የነካ ስለት ለሌላ ሰው አይሰጥም። ቀላል ነው፤ ምላጭ ርካሽ ነው።

ከምላጩም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቡናው ላይ በነጩ ሲኒ ከሚጠጡት አንዱ የእትየ የእኅት ልጅ ነው። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ወደ መተማ ይወርዳል፤ አጨዳው ሲያልቅ ኪሱ ሞልቶ ይመለሳል። መተማ ላይ በመኸር ሰሞን ስንት ሺህ ወጣት ወንድ ከቤቱ ርቆ፣ ገንዘብ ይዞ፣ ብቸኝነት ይዞት እንደሚከርም የሄደ ያውቀዋል። ተመርምሮ አያውቅም። "እኔን ታየኛለህ፣ ምን ሆንኩ?" ይለኛል ደረቱን እየመታ።

መልክ ምንም አይናገርም። ቫይረሱ የገባበት ሰው ሳይከሳ፣ ሳያስለው ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ስምንትና አሥር ዓመት የሚቆይም አለ። ይባስ ብሎ በሽታው በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በጣም ከፍተኛ ነው። ያኔ ሰውየው ራሱ አያውቅም፤ ምርመራውም ላያሳይ ይችላል። ለዚህ ነው ከሦስት ወር በኋላ ድገም የሚባለው።

አሁን ሁለቱን አስተያዩዋቸው። እሷ ታውቃለች፣ ትታከማለች፣ ብርጭቆ ተለይቶላታል። እሱ አያውቅም፣ አልተመረመረም፣ ሲኒው ነጭ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ ሰፈሩ ገና ያልሰማው ትልቅ ነገር አለ። መድኃኒቱን በየቀኑ በአግባቡ የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ መሣሪያ የማያየው ደረጃ ይደርሳል። እዚያ ከደረሰና እዚያው ከቆየ በግንኙነት ለማንም አያስተላልፍም። ይህ ለማጽናናት የሚነገር ቃል አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣ የአውሮፓ ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ሌላቸው የሌለባቸው 888 ጥንዶች ክትትል ተደርጎባቸዋል። ያለ ኮንዶም 58,000 ጊዜ ያህል ግንኙነት ተደርጓል። ከትዳር ጓደኛው የተላለፈበት አንድም ሰው አልተገኘም። የልጅቷ ባል ነጻ የሆነው በዕድል አይደለም። ክኒኗ ነው።

ልጆቿም እንደዚያው ናቸው። ምንም ካልተደረገ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በማጥባት ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። እናት መድኃኒቷን ስትወስድ፣ ሕፃኑም ሲወለድ መከላከያውን ሲያገኝ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ሁለቱንም ልጆቿን ጡት አጥብታለች። ሁለተኛዋ ስትመረመር ውጭ ቆሜ እጠብቃት ነበር። ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ አልተናገረችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ነቀነቀች። ያን ቀን ቤት ስትደርስ ቡና ተፈልቶ ነበር። ብርጭቆዋ እዚያው ቦታዋ ላይ ነበረች።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም። ጎንደር የጠበል አገር ናት። ጠበል ገብቶ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው አሁንም አለ። እምነቱን አልነካም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው ተናግረዋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ተመልሶ ይነሳል፤ ሌላ ሰው ላይ የማለፍ አቅሙም አብሮ ይመለሳል። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ክኒናቸው አልቆ የተጨነቁ ሰዎች አይቻለሁ። ዘመድ ያለው ሁሉ ስንት ቀን የሚበቃ እንደቀረው አስቀድሞ ቢጠይቅ ትልቅ እርዳታ ነው።

ኮንዶም የተቀደደበት፣ በመርፌ የተወጋ፣ የተደፈረች ሴት ወይም ልጅ፣ ሁሉም መድኃኒት አላቸው። ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በቶሎ ሲሆን ይሻላል፤ ከዚያ 28 ቀን ይወሰዳል። ይህን የማያውቅ ሰው አፍሮ ቤቱ ይቀመጣል፤ ሰዓቱ ያልፋል።

ብርጭቆዋ የምትጎዳው ልጅቷን ብቻ አይደለም። የእትየ የእኅት ልጅም ያያታል። ተመርምሮ ቢገኝበት ምን እንደሚጠብቀው በየቀኑ ቡና ላይ ይማራል። ደረቱን የሚመታው ለዚያ ይመስለኛል። ፈርቶ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እትየን ፊት ለፊት አነጋገርኳቸው። የመርፌውን፣ የትንኟን፣ የምራቁን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። "ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት ስታውቅ ነበር?" አሉኝ። "ታውቅ ነበር፣ እትየ" አልኳቸው። ሌላ አልተናገሩም። ተነስተው ረከቦቱን ወደ ጓዳ ይዘው ገቡ። የሲኒዎች መንኳኳት ይሰማኝ ነበር።

ልጁ በር ድረስ ሸኘኝ። ጫማውን እያየ ነበር የሚያወራው። "ምርመራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለኝ። ጣት ተወግቶ አንድ ጠብታ ደም እንደሚወሰድ፣ ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደሚነገር ነገርኩት። ከአቦል እስከ በረካ ከምንቀመጠው ያንሳል።

"ሰኞ አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አለኝ።