ባትሪው አልሞተም፤ ቻርጀሩ ነው ያላየው

«ጋሼ፣ ቻርጀሩ ምንም አልሆነም፤ ባትሪዎ ነው የሞተው። አዲስ ይግዙ።» ይህን ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሦስት ሰዎች አፍ ሰማሁ፤ ከሦስቱ አንዱም ባትሪውን ቮልት በሚለካው መሣሪያ፣ በቴስተር፣ አልለካውም። ያ ሞተ የተባለው ባትሪ ዛሬ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጦ በየጠዋቱ ሞተር ያስነሳል። ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ሁለት ሳምንት ታገሥኩ፤ አልበርድ ስላለኝ ይኸው ጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር ነው። ለቤተሰብ ሐዘን ደብረ ብርሃን ሄደን ሦስት ሳምንት ያህል ስንቆይ፣ ቪትዛችን ጀሞ ከሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን ሥር ቆማ ነበር። ተመልሰን ቁልፉን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራት እንኳን ብልጭ አላለም፤ ሞተሩን የሚያስነሣው የሞተሪኖው ኮሽታም አልተሰማም። የሰፈሩ ልጆች እንግፋት ብለው ተሰበሰቡ፤ ነገር ግን ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ስለሆነ በግፊት አትነሳም። በየጊዜው የሰው መኪና አስቁሞ ኬብል መለመን ስለሰለቸኝ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ የራሴ ቻርጀር ይኑረኝ ብዬ መርካቶ ወረድኩና ባለስክሪን የሆነውን፣ «ሁሉን ነገር ራሱ ያውቃል» የተባለለትን ገዛሁ። ሻጩ በሁለት ሰዓት ይሞላል አለኝ። 45 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ በ4 አምፒር ሲሞላ በስሌት ብቻ ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በመንገድ የሚባክነውና ወደ መጨረሻው እየቀነሰ የሚገባው ሲታከልበት ደግሞ 13 ወይም 14 ሰዓት ይደርሳል። ይህ ማካፈል ብቻ የሚጠይቅ ሒሳብ ነው፤ ዕቃውን በየቀኑ የሚሸጥ ሰው እንዴት አያውቀውም?

መኪና የምናቆምበት ቦታ ሶኬት ስለሌለው ባትሪውን ፈትቼ አራተኛ ፎቅ ማውጣት ነበረብኝ። በ10 ቁጥር ቁልፍ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈታሁ፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥና ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት ይረጫል። አሥራ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ አሲድ የያዘ ዕቃ ሳያዘነብሉ አራት ፎቅ መሸከም ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል፤ የሱሪዬ ጉልበት ላይ የወጣው ቀዳዳ የዚያ ቀን ምልክት ነው። በረንዳው ላይ አስቀምጬ ቀዩን ፒንሳ በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቩ አሲዤ ሶኬቱን ሰካሁ። ስክሪኑ በራ፤ ለአፍታ አሰበ፤ 00.0 ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ሶኬት ቀየርኩ። በባትሪው ራስ ላይ የተጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥኩበት ውኃ አጥቤ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ አድርቄ እንደገና ሞከርኩ። መልሱ ያው 00.0 ነው።

ቻርጀሩን ወደ ሱቁ ስመልሰው፣ እዚያው ካለ ባትሪ ጋር አገናኝተው «ይኸው፣ ይሠራል» አሉኝ፤ በርግጥም ሠራ። መግቢያዬ ላይ የጠቀስኩት ቃል ያኔ ተነገረኝ። ጋራዥ ስሄድም ያው ተደገመልኝ፤ እዚያ ያለው መካኒክ እንዲያውም ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ክፍል ጠቅሶ «ዲናሞው አይሞላም፣ እሱም ይቀየር» ብሎ ጨመረበት።

በመጨረሻ ቴስተር ተውሼ ስለካው ባትሪው 4.3 ቮልት ይላል፤ ነገሩም ግልጽ ሆነ። እነዚህ ዘመናዊ የሚባሉ ቻርጀሮች ኃይል ከመልቀቃቸው በፊት በፒንሳዎቹ መካከል ቮልት መኖሩን ይፈትሻሉ፤ ባትሪ መገናኘቱን፣ ቀይና ጥቁሩም አለመምታታቱን የሚያውቁት በዚህ ነው። የባትሪው ቮልት ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ ግን ቻርጀሩ ባትሪ አለ ብሎ አይቆጥርም፤ ስለዚህ አይሞላም። እነዚያ ከባድ፣ ሲሠሩ እንደ ንብ እዝዝ የሚሉ፣ የድሮ ትራንስፎርመር ቻርጀሮች ይህን አያውቁም፤ የተገናኛቸውን ሁሉ ይገፋሉ። አዲሱ አሠራር ለደኅንነት የታሰበ በመሆኑ አልቃወመውም፤ ፒንሳ ተገልብጦ ከሚፈነዳ እምቢ ቢል ይሻላል። የሚያንገበግበኝ ሰው ቻርጀር የሚገዛው ባትሪው ባዶ ሲሆን ነውና ዕቃው በጣም ባዶ የሆነውን ባትሪ እንደማይቀበል አንድ ሰው እንኳን አለመናገሩ ነው። መመሪያ የተባለው ወረቀት በቻይንኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። አማርኛ የለበትም፤ ሌላም የአገራችን ቋንቋ የለበትም። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ ደጋግሞ የሚሞላውን የእርሳስ ባትሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ሳሉ ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን ያስቆጠረ ዕቃ በ2 ገጽ አማርኛ ሊብራራልን እንዴት አልቻለም?

መፍትሔው ግን ቀላል ነበር። ከጎረቤት ደኅና 12 ቮልት ባትሪ ተውሼ፣ ቻርጀሩ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ፣ በማስነሻ ኬብል ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ አገናኘሁ፤ የቻርጀሩን ፒንሳዎች በእኔ ባትሪ ላይ አሲዤ ሰካሁት። ስክሪኑ ወዲያው ባትሪውን አየ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሶኬቱን ነቅዬ የተዋስኩትን ባትሪ አላቀቅሁና፣ ቻርጀሩን መልሼ ስሰካው ያ ሞተ የተባለው ባትሪ ብቻውን መቀበል ጀመረ። ይህን ለማድረግ ባትሪው ያላበጠ፣ ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት፤ የመጨረሻው ኬብል ሲነካ ብልጭታ ስለሚኖር ፊትን ማራቅና ዓይንን መከለል ያስፈልጋል። ይህንን ለመናገር የሚወስደው ጊዜ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ ከተከራከርኩበት ያነሰ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብሶት ደግሞ የመብራት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 4 አምፒር መርጬ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄደ፤ መቼ እንደተመለሰ አላውቅም። ጠዋት ስነሣ ቻርጀሩ ይሠራል፤ ነገር ግን የሞተር ሳይክል ሥዕል በርቶ 1 አምፒር ብቻ ይሰጣል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የመረጥኩለትን ረስቶ ወደ ትንሹ ይመለሳል ማለት ነው። መብራት በማይሄድበት አገር ተቀምጦ ለሠራው ሰው ይህ ላይታየው ይችል ይሆናል፤ ወደዚህ የሚያስገባው ነጋዴ ግን የሚኖረው እዚሁ ነው። በማግሥቱ ምሽት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ በለኮሰበት ሰዓት ሶኬቱን ስለካው ከልኩ ወርዶ 187 ቮልት ነበር፤ ቻርጀሩም ስክሪኑ እየደበዘዘ ሁለት ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የምሞላው ቅዳሜ ቀን፣ አጠገቡ ሆኜ ነው።

አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ባትሪው በረንዳ ላይ እየተሞላ ሳለ ባለቤቴ እንግዳ መጥቶ ቡና ልታፈላ ተነሣች፤ ጭሱ ቤት እንዳይገባ እንደ ልማዳችን የከሰል ምድጃውን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። ምድጃውን ከባትሪው ክንድ በማይሞላ ርቀት አስቀምጣ ማራገብ ስትጀምር ነው የደረስኩት። ወደ ባትሪው ጎንበስ ሲሉ ውስጡ የፈላ ውኃ ዓይነት ትንንሽ የአረፋ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ያ አረፋ ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ እሳት ሲያገኝ ይቀጣጠላል፤ ባትሪ ሲፈነዳ የሚረጨው ደግሞ አሲድ ነው። ምድጃውን አንሥቼ ስሮጥ እጄ ተቃጠለ፤ ባለቤቴም ደነገጠች። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያ ተብሎ የተጻፈው ያ የጉንዳን ፊደል ነውና ማን ያንብበው? በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ከሰልና ባትሪ ጎን ለጎን እንደሚውሉ ስለማውቅ ይህን በተለይ አደራ እላለሁ፤ ፒንሳውን ከባትሪው ከማንሳታችሁ በፊትም ሁልጊዜ ሶኬቱን ቀድማችሁ ንቀሉ።

ስክሪኑ 100 በመቶ ሞልቷል ሲልም ማመን አያስፈልግም። ቻርጀሩን ከነቀልኩ በኋላ ባትሪው 13.1 ቮልት አሳየኝ፤ ደስ አለኝ። ባትሪው አድሮ ጠዋት ሲለካ 12.3 ሆኖ ተገኘ። በሞላሁት ሰዓት የሚታየው ከላይ የተንሳፈፈ ቮልት ነው፤ እውነተኛው ባትሪው አርፎ ሲያድር ነው የሚገኘው። ካደረ በኋላ 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ሲሆን ግማሽ ነው፤ ከ11.9 በታች ባዶ ነው። ሁለተኛ ዙር ሞልቼው 12.6 ላይ ረጋ። እንዲህ ሳይሆን ባዶ የነበረ ባትሪ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 100 ካለ ግን ያ የምሥራች አይደለም፤ በውስጡ ባሉት ዝርግ እርሳሶች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ተጋግሮበት መቀበል አልቻለም ማለት ነው። አንድ ባትሪ ባዶውን በቆየ ቁጥር ይህ ግግር እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ «አዲስ ግዛ» ተብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠ ባትሪ በየሳምንቱ የመዳን ዕድሉ ይጠባል። መጀመሪያ ያልሞተው በኋላ እንዲያ ተደርጎ ይሞታል።

አሲድ ጨምርበት የሚሉም አሉ። እባካችሁ፣ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ውስጥ እየተነነ የሚጎድለው ውኃው ነው፤ አሲዱ እዚያው ይቀራል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ ነው፤ የቧንቧ ውኃም አይሆንም። በጎደለ ቁጥር አሲድ የሚሞላበት ባትሪ ውስጡ እየተበላ ያልቃል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፤ ባትሪው ለምን ባዶ ሆነ? ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ስለካ 14.2 ቮልት ነበር፤ ስለዚህ ይቀየር የተባለው ዲናሞ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቁልፉን አውጥቼ፣ በሮቹን ዘግቼ፣ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቼ ቴስተሩን በመካከል አስገብቼ ስጠብቅ፣ የቆመችው መኪና 100 ሚሊ አምፒር ያህል ሳታቋርጥ ትጠጣለች፤ ደኅና መኪና ግን ከ50 ማለፍ የለበትም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስነቅል፣ በኋላ የተገጠመው የስርቆት ማንቂያና ባለስክሪኑ ሬዲዮ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ዝቅ አለ። 100 ሚሊ አምፒር በቀን 2.4 አምፒር ሰዓት ነው፤ 45 አምፒር ሰዓት የያዘ ባትሪ ደግሞ በ19 ቀን ያልቃል። እኛ ደብረ ብርሃን የቆየነው ሦስት ሳምንት ነው። ባትሪም ዲናሞም ቀይሬ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱ ከወር ደመወዜ በላይ ከፍዬ፣ በሚቀጥለው ጉዞ መኪናዬን እንደዚያው ተዘርራ አገኛት ነበር። ነዳጅ ጠፍቶ ወይም ተወድዶ መኪናው ሳምንት ሳምንት የሚቆምበት ሰው ብዙ ነውና ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይመስለኝም።

ደግሞስ ሞተ የተባለው ሁሉ የት ነው የሚሄደው? «ቁራሌው!» እያለ ለሚያልፈው ልጅ ይሰጣል። ልጁ ክብደቱ እንዲቀልለት አሲዱን ቦይ ውስጥ ይደፋዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከቦዩ ማዶ ሕፃናት ብይ ይጫወቱ ነበር። ውስጡ ያለው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በአንድ መለኪያ፣ በሃያ ደቂቃ ሥራ መዳን የሚችል ባትሪ በዚህ መንገድ ሲሄድ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ትናንት ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ አሮጌ ባትሪውን ተሸክሞ ለቁራሌው ሊሰጥ ሲወርድ ደረጃው ላይ አገኘሁት። አዲሱን ገዝቶ አስገጥሟል፤ አሮጌው የሁለት ዓመት ነው። አስቀመጥነውና ቴስተሩን አመጣሁ፤ 5.1 ቮልት። «ቻርጀሩ አልቀበልም ብሎኝ እኮ ነው» አለኝ። አሁን በእኔ በረንዳ ላይ፣ ከደኅናው ባትሪ ጋር በኬብል ተያይዞ ተቀምጧል፤ ቻርጀሩም ተዘጋጅቷል፤ መብራት ከሰዓት በኋላ ሄዶ እስካሁን አልመጣም።