ትከሻዬን ያያችሁ

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ተዳረች። ሠርጉን እንለፈው። የአዲስ አበባ ሠርግ ሁሉ አንድ ነው። አዳራሹ አንድ፣ ዲጄው አንድ፣ ዘፈኑ አንድ፤ ሙሽሮቹ ብቻ ይቀያየራሉ። የማወራችሁ ስለ መልሱ ነው።

መልሱ ላይ አዝማሪ ተጠራ። ሐሳቡ የአጎቴ ነው። "የዘንድሮ ልጅ ባህሉን ረስቷል" አለ። አጎቴ ባህሉ ትዝ የሚለው ሦስተኛው ብርሌ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እሱም እንደኛው ነው።

አዝማሪው ማሲንቆውን እንደ አራስ ልጅ በጋቢው ጠቅልሎ ገባ። ከኋላው ከበሮ የያዘች ሴት። ጥግ ላይ ተቀመጡ፣ ምግብ ቀረበላቸው። እሱ ቀስ ብሎ ይጎርሳል። የራበው መስሎኝ አዘንኩለት። ለካ ሰውየው ሥራ ላይ ነበር! አዝማሪ ሲበላ ጆሮውም አብሮ ይበላል። ማን ከአሜሪካ መጣ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ የትኛው አጎት ኪሱ ሙሉ እጁ እስር ነው፣ ሁሉንም ከጎመኑ ጋር ዋጠው።

ከዚያ እጁን ታጥቦ ደጋኑን አነሳ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ማሲንቆ ያለችው አንድ ክር ናት። እሷም ከፈረስ ጭራ የተገመደች። ሳጥኗ ቆዳ ለብሳለች፣ የምትገዘገዝበት ደጋንም ያው የፈረስ ጭራ ነው። በቃ። ኤሌክትሪክ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ። ዲጄው ማታ በሁለት በርሜል የሚያህሉ ስፒከሮች ያልቻለውን ይህቺ አንድ ክር በግማሽ ደቂቃ ቻለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰውየው ትዝታን ጀመረ።

ቅኝቶቻችን አራት ናቸው ይባላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እንደኔ እንደኔ ግን የከተማ ሰው የሚያውቀው ትዝታን ብቻ ነው። ሌሎቹን ሲሰማ ይጨፍራል ወይም ያወራል። ትዝታ ሲመጣ ግን ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱን ያወዛውዛል፣ "እህህ…" ይላል። የዚያን ቀንም ሁሉም ጨፈነ። እኔ አንድ ዓይኔን ገልጬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ቦሌ ተወልዶ ቦሌ ያደገ ነው። ወተት ከፌስታል የሚገኝ ምርት ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ከከተማ ወጣ ስንል በሬውን "ላሟ" ብሎ ፎቶ አንስቷል። ይህ ሰው እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቶ፣ "ወይኔ ያ የገጠር ሕይወት! ያ ወንዝ!" አለኝ።

"የቱ ወንዝ?" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። በልጅነቱ የሚያውቀው ወንዝ ቀበና ብቻ መሆኑ ትዝ አለው መሰለኝ፣ "ዝም ብለህ ስማ" ብሎ ተቆጣኝ።

የማሲንቆ ጉዷ ይሄ ነው። ያልኖርክበትን አገር ታስናፍቅሃለች። ያላረስከውን እርሻ፣ ያልጠበቅከውን ከብት፣ ያላፈቀርካትን ኮረዳ ስታስታውስህ ቆይታ ሒሳቡን ታስከፍልሃለች። አዝማሪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በትዝታ የሚጀምረውም ለዚሁ ነው። መጀመሪያ ሆድህን ያባባዋል፣ ከዚያ ኪስህ ራሱ ይከፈታል።

እኔም አልዋሽም፤ ቤቴ ማሲንቆ አለችኝ። ከሽሮ ሜዳ ገዝቼ ሳሎኔ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅያታለሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማሲንቆ መስቀል እንግዳ ሲመጣ "ባህል ወዳድ ነው" ያስብላል። አቧራዋን የማራግፈው ለበዓል ለበዓል ነው።

አንድ እሑድ ግን እልህ ያዘኝና አወረድኳት። ደጋኑን ይዤ መገዝገዝ ጀመርኩ። ዝም። ጠበቅ አድርጌ ገዘገዝኩ። ዝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጋደልኩ፣ ትንፍሽ አላለችም። "ተጭበረበርኩ!" ብዬ ሻጩ ዘንድ ተመለስኩ። ሰውየው ክሴን እስክጨርስ ሰማኝና፣ "ዕጣን ቀብተኸዋል?" አለኝ።

"ምን?"

"የፈረስ ጭራ ከፈረስ ጭራ ጋር ምን ያጣላዋል? ዝም ብሎ ይንሸራተታል እንጂ! ዕጣኑ ነው ክሩን እየያዘ የሚያስጮኸው።"

ከኪሱ ጠጠር የምታህል ሙጫ አውጥቶ ደጋኑን አንድ ሁለቴ አሸት አሸት አደረገው። ከዚያ ሲስበው ያቺ የኔ ዲዳ ማሲንቆ እንደ ሰው አለቀሰች። ለካ ስለ ባህሌ ይህን ሁሉ ዓመት ስናገር ዕጣኗን እንኳን አላውቃትም።

ቤት ገብቼ፣ ዕጣኔን ቀብቼ፣ በሙሉ ልብ ገዘገዝኩ። አሁን ድምፅ ወጣ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። የላይኛዋ ጎረቤቴ ሁለት ጀሪካን ይዛ ቆማለች።

"ውሃ መጣ እንዴ? ቧንቧው ሲያፏጭ ሰማሁ።"

ማሲንቆዋን መልሼ ሰቀልኳት።

የሚያናድደኝ ደግሞ ፈረንጅ ተምሯታል። ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ በእነሱ አቆጣጠር በ1966 በሰላም ጓድነት መጥቶ፣ ከታዋቂው ማሲንቆ ተጫዋች ከጌታመሳይ አበበ ተምሮ፣ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር በአማርኛ ይዘፍን ነበር። በ1969 ደግሞ ቡድኑን ይዞ አሜሪካን ዞሯል፣ ኤድ ሱሊቫን ሾው በሚባለው ዝነኛ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሳይቀር ቀርበዋል። አስቡት፣ አገሩ ባለ አራት ክሩ ቫዮሊን ሞልቶለት ነው ባለ አንዷን ፍለጋ የመጣው። እኔ አንዷ ከቴሌቪዥኔ በላይ ተሰቅላ ጎረቤቴን ጀሪካን አስያዝኩ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ በተቃራኒው ሄደዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ጀርመን የላኳቸው የመኪና ነገር እንዲማሩ ነበር። ተማሩ። እግረ መንገዳቸውን ግን ዘፈኖቻቸውን ሸክላ ላይ አስቀርጸው መጡ። የመጀመሪያው የሙዚቃ ሸክላችን እንዲህ ነው የተገኘው። የእኔ ዘመን ሰው ለስልጠና ውጭ ሲላክ አበል ቆጥቦ ስልክ ገዝቶ ይመለሳል።

አዝማሪን በሳቅ ብቻ ያየ ሰው ግን ይሳሳታል። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣልያኖች እያሳደዱ ከገደሏቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች ነበሩበት። መትረየስና አውሮፕላን ያለው ጦር በአንዲት የፈረስ ጭራ ደነገጠ! ያለ ምክንያት አይደለም። ግጥሙ ከመንደር መንደር ከቴሌግራም ቀድሞ ይደርስ ነበር።

በሰላሙ ጊዜ ደግሞ አዝማሪ የሚታደነው በገበያ ነው። ካዛንቺስ ትዝ ይላችኋል? ጠባብ ቤት፣ ግድግዳው ላይ ቆዳና ጋሻ፣ ጉልበትህን ከአገጭህ የሚያገናኝ በርጩማ። ተቀምጠህ አንድ ቢራ ሳትጨርስ ስለ ግንባርህ ስፋት ይዘፈንልሃል። እየተሰደብክ ትስቃለህ፣ ስቀህ ትከፍላለህ። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ፈረሰ። ባለፈው በዚያ ሳልፍ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል። የድሮ ቤቶቹ የት ጋ እንደነበሩ ለልጄ ላሳየው ፈልጌ በጣቴ አየር ጠቆምኩ። "እዚያ ጋ" አልኩት። "የትኛው ፖል?" አለኝ።

ወደ መልሱ ልመልሳችሁ።

ትዝታው አለቀና ምቱ ተለወጠ። ከበሮዋ ተነሳች። አዝማሪው ከአጎቴ ፊት ቆመ። አጎቴ ካባ ደርቦ፣ ከዘራ ይዞ፣ እንደ ደጃዝማች ተዘርግቶ ተቀምጧል። አዝማሪው ጎንበስ ብሎ በአክብሮት እንዲህ አለ።

ክብርህን ላንተው ያርግ እሱ ምን ሊሰጠኝ፣
ፊተኛዋን ፊደል ቆርጠህ ጣልና ስጠኝ።

አጎቴ "ክብርህን" የምትለዋን ብቻ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ጢሙን አሻሸ። ሰዉ ግን ጥቂት ቆይቶ መሳቅ ጀመረ። በመጨረሻ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጁ በጣቷ ፊደል ቆጥራ፣ "አባባ፣ 'ክ' ሲወጣለት 'ብርህን' ይሆናል!" አለችው።

አጎቴ ደነገጠ። "ጥሬ ብር አልያዝኩም እኮ" አለ። የዘንድሮ ማምለጫ ይህቺ ናት። ድሮ ብሩን በምራቅ አርሰህ አዝማሪው ግንባር ላይ ትለጥፋለህ፣ ቀሪውን ላብ ይይዘዋል። አሁን ሁሉም ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ ነው። አዝማሪው ግን ፈገግ አለና ማሲንቆዋን ገለበጣት። ጀርባዋ ላይ የቴሌብር መክፈያ ተለጥፎበታል። ያቺ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለባት ካሬ ወረቀት ቆዳው ላይ ጉብ ብላለች።

አጎቴ እጅ ሰጠ። ስልኩን አወጣ። ክፍያው ሲገባ የአዝማሪው ኪስ "ጢን" አለ። ወላዲቱ እማምላክ ምስክሬ ናት፣ "ጢን" ያለው በቅኝቱ ነው።

ቀጥሎ እኔ ጋ መጣ። ስሜን ያውቃል፣ መሥሪያ ቤቴን ያውቃል፣ ትርፍ አንጀት እንዳወጣሁም ያውቃል። አክስቴ ናት። "ተነስ! ተነስ! ንቅንቅ በል!" ሆነ። ተነሳሁ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልንገራችሁ።

አባቴ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። በሕይወቱ ያሳየው ትልቁ ስሜት ፋይል ሲጠፋ ነው። አይስቅም። ሲያስነጥስ እንኳ መሀረቡን አጥፎ፣ ጥግ ይዞ፣ አንዴ ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ሰፈራችን ውስጥ ዳስ ተጥሎ ሠርግ ነበር። አዝማሪ መጣ። አንዱ ቀልደኛ አባቴን ጠቆመው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ግንቡ ይጨፍራል ብሎ ማን ይጠብቃል?

አባቴ ተነሳ። መነጽሩን አውልቆ ለእማዬ ሰጣት። ቡናማ ኮቱን ቆለፈ። ትንሽ ቆመ፤ ጆሮውን ወደ ማሲንቆዋ ዘንበል አደረገ፣ የሆነ ሰው የጠራው ይመስል። ከዚያ ትከሻው ጀመረ። ከወገቡ በታች ያው የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ነው፣ አይነቃነቅም። ከወገቡ በላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ አንገቱ ይከተላል። ሴቶቹ እልል አሉ። በመሀል "ጥርርር!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ኮቱ ከብብቱ እስከ ጀርባው ተቀደደ። አባቴ አላቆመም። ነጭ ሸሚዙ በቀዳዳው ብቅ ጥልቅ እያለ ጨረሰ። ከዚያ መነጽሩን ተቀብሎ፣ አድርጎ፣ ተቀመጠ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስቶ አያውቅም።

እማዬ ማታውኑ ሰፋችው። ቡናማ ክር ስላልነበረ በጥቁር። አባቴ ያንን ኮት ከዚያ በኋላ ዓመታት ለበሰው። ቢሮ ሲሄድ ከኋላው ያቺ ጥቁር መስመር ትታየኝ ነበር።

እንግዲህ የዚያ ሰው ልጅ ነኝ። እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ። ማሲንቆዋ ተገዘገዘች፣ ከበሮዋ ተመታች። ትከሻዬን አዘዝኩት። አልሰማኝም። ደግሜ አዘዝኩት። ሃያ ዓመት ኮምፒውተር ላይ የተደፋ ትከሻ ነው። የሚያውቀው እንቅስቃሴ አንድ ነው፤ አለቃዬ "ይሄን ማን አጠፋው?" ሲል ወደ ላይ መሰበቅ። እሱኑ አደረግሁ። አንዴ ሰበቅሁ። ደገምኩ። አዝማሪው ትንሽ ታገሠኝና እንዲህ አለ።

ትከሻው ደንዳና ሸክሙንማ ይችላል፣
ጭፈራውን ትቶ ጤፍ ቢጭን ይሻላል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቪዲዮው በዚያው ምሽት የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። በቲክቶክ እስክስታ የተማረችው የእህቴ ልጅ መጥታ አዳነችኝ፤ ከጎኔ ገብታ እንደ መብረቅ ትከሻዋን ስትነቀንቀው ሰዉ እኔን ረሳኝ። ቀስ ብዬ ወደ ወንበሬ ሸሸሁ። ሁለት መቶ ብር ከፍዬ ነው የተሰደብኩት።

ማታ ቤት ስገባ እማዬ አልተኛችም። ጉልበቷን ስለሚያማት መልሱ ላይ አልመጣችም።

"እንዴት ነበር?"

"ደስ ይል ነበር። አዝማሪ ነበረ።"

"ጨፈርክ?"

"ጨፈርኩ እንጂ!"

ኮቴን እንዳወልቅ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። የምትሰቅልልኝ መስሎኝ አቀበልኳት። መብራቱ ሥር ወሰደችው፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠችው። መነጽሯን አድርጋ የብብቱን ስፌት በጣቷ እየዳበሰች ከላይ እስከ ታች ሄደችበት። በግራ በኩል። ከዚያ በቀኝ።

"ውሸታም" አለችና ኮቱን መለሰችልኝ።