ስልኩ ግን ደህና ነው

ባለፈው ወር የእድራችን ገንዘብ ሰብሳቢ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳ። ደብተሩን በብብቱ ይዞ በዚያ ሰዓት ከመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ገና ሳይቀመጥ "ማን ሞተ?" አልኩት።

"ኧረ ማንም አልሞተም። ያ ጎረቤታችን ዱባይ ላይ ከግመል ወድቆ ነው።"

ከግመል! ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በተራ በሚመጣበት ብሎክ፣ ደረጃው በጀሪካን ተጨናንቆ፣ እኛ ስለ ግመል እያወራን 500 ብር የሕክምና መዋጮ ተጻፈብኝ።

ቢሆንም ላማርር አልመጣሁም። ላመሰግን ነው። ያለ ጉዞ ኢንሹራንስ ለሽርሽር የሚወጣ ወገኔ በዚህ ዘመን የቀረን አንድ ለእናቱ ጀግና ነው። ሌላው ዓለም ፈሪ ነው፤ ገና ሻንጣ ሳይከት ብታመምስ፣ ብሰበርስ፣ በረራው ቢሰረዝስ ይላል። የኛ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስትጠይቀው "ክፉ አታሟርትብኝ" ብሎ ሦስቴ ያማትባል። በቃ፣ ተሸፈነ።

ደግሞ ጥንቃቄ አያውቅም እንዳትሉ። ይኼ ጎረቤቴ ከመሄዱ ከሳምንት በፊት የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "የሻንጣ ሚዛን የሚያውሰኝ?" ብሎ ጻፈ። የሚያውሰው ሲያጣ ሽንኩርት ሻጩ ጋ ወርዶ አስመዘነ። ዱባይ ላለችው ዘመዱ የሚወስደው በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲገባ አመሸ። ከዚያ ቁልፍ ገዛ። ኤርፖርት ሲደርስም ሻንጣውን በፕላስቲክ አስጠቀለለ። ለስልኩ አዲስ ግላስ አስለጠፈ፣ ጀርባውን ደግሞ ወፍራም ከቨር አለበሰው። የእድሩን የሦስት ወር መዋጮ ቀድሞ ከፈለ። ሳይጠቀለል የሄደ ነገር ቢኖር እሱ ራሱ ነው።

"ኢንሹራንስስ?" ብዬው ነበር።

"ለአምስት ቀን? በአምስት ቀን ምን ልሆን?"

ለኢንሹራንሱ የተጠየቀው ገንዘብ ለፎቶ ብሎ ከገዛው ነጭ ጫማ ያንስ ነበር። አውቃለሁ፣ የጫማውን ዋጋ አራቴ ነግሮኛል።

አሁን ወደ ግመሉ እንምጣ፤ እኔ እንኳ ብተወው ግመሉ አይተወኝም። ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ስለለቀቀው ሁላችንም ደጋግመን አይተነዋል። ግመሉ ተንበርክኮ ያመሰኳል። ወገናችን ሻሽ ጠምጥሞ፣ ነጩን ጫማ አድርጎ ላዩ ላይ ጉብ ብሏል። በቀኝ እጁ የሰልፊ ዱላ፣ በግራው ለእኛ ሰላምታ። የሚያዝበት ብረት ፊቱ ተገትሯል፣ ግን በየትኛው እጁ ይያዘው? ባለ ግመሉ አንድ ነገር ይጮኻል፤ ቋንቋው ባይገባንም "ያዝ!" እንደሚል የገባን እኛ ነን፣ እሱ አልገባውም። እንግዲህ ግመል ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነሳው ኋላውን ነው። ይህን አፋር የተወለደ የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ጎረቤቴ ግን አገር ሙሉ ግመል ትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በድርሃም ከፍሎ ነው የተማረው። ግመሉ ኋላውን ብድግ ሲያደርግ እሱ ወደ ፊት ተደፋ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሰማይ ነው። ቀጥሎ አሸዋ። ቀጥሎ የግመል ጉልበት። እንደገና ሰማይ። ከዚያ ድምፁ ይሰማል፤ "ወይ እጄን" እንዳይመስላችሁ። "ስልኬን! ስልኬን እዩልኝ!"

ስልኩ ደህና ነው። ግላሱ ጭረት የለበትም። እጁ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሲባል እንሰማ ነበር። ይኸው ደግሞ ግመል ላይ ወጥቶ ደረት ነፍቶ። ይገርማችኋል፣ አንዳንድ የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች ከሚሸፍኗቸው ነገሮች መካከል ግመል መጋለብን በስሙ ይጠሩታል። አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጎረቤቴን ሳያየው አስቦለት ነበር ማለት ነው።

ሆስፒታል ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ "ኢንሹራንስ አለህ?" ሆነ። "አለኝ" ቢል ትክክል ነበር። ድርጅቱ እኛ ነን። ዋናው መሥሪያ ቤታችን ኮዬ ፈጬ ነው፤ አረቦን አንሰበስብም፣ ውል አናስፈርምም፣ ካሣ ግን በቴሌብር በሰዓቱ እንከፍላለን። እድሩ እንኳ ሲሞቱ እንጂ ሲሰበሩ አያውቅም። ድንኳኑም አግዳሚውም ጡሩምባውም ባሕር አይሻገሩም። ስለዚህ ልዩ መዋጮ።

ምድር ቤት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት አለች። 200 ብር አዋጣች። ይህች ሴት አውሮፕላን ያየችው ልጇን ቤሩት ስትሸኝ ነው፤ ያውም ከበር ውጭ ቆማ እያለቀሰች። 200 ብሩ ስንት ሌሊት ጭስ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ጭሱ በመስኮቴ ነው የሚገባው። አልሰጥም ማለት አትችልም። ነገ እሷ ብትታመም ማን ይደርስልኛል ብላ ትፈራለች። ይህን መረዳዳት አትበሉኝ! ነጭ ጫማ የሚገዛ ሰው ለራሱ ያልከፈለውን ገንዘብ በይሉኝታ ከድሃ ጉያ ማውጣት ነው። ነውር ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ።

አውሮፓ ለሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ሲል ኢንሹራንስ የሚገዛውም ምስጋናዬ ይድረሰው። ኤምባሲው ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሕክምና የሚሸፍን፣ ታሞም ሆነ ሞቶ ወደ አገር መመለሻውን የጨመረ ወረቀት ካልመጣ ማመልከቻውን ስለማይቀበል ይገዛል። ግን የገዛው ለኤምባሲው ነው። አያነበውም፣ ቅጂውንም ይዞ አይሄድም። ወረቀቱ ላይ የድንገተኛ ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል፤ እሱ ሮም ላይ ሆዱን ሲቆርጠው የሚደውለው አያት ሰፈር ላሉት አክስቱ ነው። ደም ግፊት አለብህ ወይ ለሚለው "የለም" ብሎ ሞልቶ፣ ክኒኑን በካልሲ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የሚወትፈውም ይህ ሰው ነው። ቀድሞ የነበረ ሕመምን ደብቆ የፈረመ ሰው በዚያው ሕመም ሲወድቅ ካሣ ቢከለከል "ሌቦች ናቸው፣ ብዬ አልነበር?" ይላል።

ሻንጣው ሲዘገይበት ደግሞ እዩት። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል የአየር ጉዞ ስምምነት ለተጎዳ ሻንጣ 7 ቀን፣ ለዘገየ 21 ቀን ሰጥቶ አቤቱታህን ለአየር መንገዱ በጽሑፍ አቅርብ ይላል። እሱም በጽሑፍ አቅርቧል፣ ፌስቡክ ላይ።

መኪናውን ግን ያለ ኢንሹራንስ አያንቀሳቅስም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፤ ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ከሌለ ትራፊክ ያስቆመዋል። በረሃ ላይ ግመል የሚያስቆም ትራፊክ የለማ!

ጎረቤቴ እጁ ውስጥ ብረት ገብቶለት ተመልሷል። የግመሉን ፎቶ ፕሮፋይል አድርጎታል፣ ከመውደቁ በፊት ያለውን። ትናንት ማታ ደግሞ ግሩፑ ላይ ብቅ አለ። ዛንዚባር አስቧል። ዛንዚባር ከመስከረም 2017 ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚ 44 ዶላር እየከፈለ የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ አስገድዳለች። እሱም "ይህ ዝርፊያ ነው ጎረቤቶቼ፤ ሳይከፈል የሚገባበትን መንገድ የሚያውቅ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

ጠዋት እንጀራ ልገዛ ስወርድ ያቺ እናት ስለ ጉዳዩ ሰምታለች።

"44 ዶላር ስንት ነው ልጄ?"

ነገርኳት።

"እኔ ካዋጣሁት ይበልጣል?"

"በጣም ይበልጣል እናቴ።"

እንጀራውን አጥፋ በፌስታል እየከተተች፣ "እንግዲያ ይቺን እንኳ ራሱ ይክፈላታ" አለች።