«በፋክስ ብቻ» ለሚሉን ክቡራን የቀረበ ውዳሴ

ዓለም በሙሉ ወደፊት ሲጣደፍ በቆሙበት ጸንቶ መቆየት ምን ያህል ብርታት እንደሚጠይቅ የሚያውቀው የጸና ሰው ብቻ ነው። በአሜሪካ የሚገኙ ክሊኒኮች፣ የጤና መድን ድርጅቶችና የሕክምና መዝገብ ክፍሎች ይህን ጽናት ከማንም በላይ ያሳዩ ሲሆን፣ ከአገር ቤት መጥተን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሰፈርን ሰዎችም የበረከቱ ተቋዳሾች ሆነናል። አንድ ታካሚ መዝገቡ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው እንዲተላለፍለት ሲጠይቅ፣ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ፣ ሁለት ሰፋፊ የኮምፒውተር ስክሪኖች ከፊቷ ተደርድረው ሳለ፣ የተፈረመው ቅጽ በኢሜይል እንደማይወሰድና በፋክስ ብቻ መላክ እንዳለበት በፍጹም ትሕትና ታስረዳዋለች። ይህን ልማድ ሰው ሁሉ ሲያማው እንጂ ሲያመሰግነው አልሰማሁምና፣ ውለታውን የመመለሱን ኃላፊነት በፈቃዴ ተሸክሜያለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ፋክስ ያረጀ ነው እያሉ የሚያጣጥሉት ሰዎች ታሪክ ቢያነቡ መልካም ነበር። ስኮትላንዳዊው የሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ቤይን ምስልን በሽቦ ለመላክ የሚያስችለውን ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው በ1843 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክ ፓተንቱን ያገኘው ከ33 ዓመት በኋላ ነው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ካዜሊ በሠራው መሣሪያ ጽሑፍና ሥዕል ከፓሪስ ወደ ሊዮን በቴሌግራፍ መስመር መላክ የተጀመረውም ስልክ ከመፈልሰፉ በፊት፣ በ1865 ነበር። እንግዲህ በጥርጣሬ መታየት ያለበት መጤው ስልክ እንጂ ፋክስ አይደለም፤ ክሊኒኮቻችን ስልክ ለማንሣት የሚፈጅባቸው ጊዜም ከዚሁ ጥንቃቄ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም።

የሕግ ዕውቀታቸውም የሚደነቅ ነው። ሂፓ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የ1996ቱ ሕግና በሥሩ የወጡት ደንቦች የታካሚን ምስጢር ይጠብቃሉ፤ በእነዚሁ ደንቦች መሠረት፣ ከመላኩ በፊት በኤሌክትሮኒክ መልክ ያልነበረ ወረቀት በፋክስ ሲሄድ እንደ ኤሌክትሮኒክ ልውውጥ አይቆጠርም። ወረቀቱ ወደ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣቡ ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩም ወደ ድምፅ ተለውጦ በስልክ መስመር ቢጓዝ፣ በሕግ ዓይን ወረቀትነቱ ከቶ አይለወጥም፤ ቅኔ ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሊቃውንት እንኳ እንዲህ ያለ ምሥጢር ለማራቀቅ ጥቂት ሱባኤ ያስፈልጋቸዋል። ኢሜይል ሊመሰጠር ሲችል ተራው ፋክስ ያለ አንዳች ምስጠራ በመስመሩ ላይ ግልጡን ያልፋል፤ የፋክስ ወዳጆች ግን መጠርጠር ያለበት የሚደብቅ ሰው ስለሆነ ይህንንም ከደኅንነቱ ማስረጃዎች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። በ2018 ቼክ ፖይንት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች የፋክስ ቁጥሩን ብቻ በማወቅ ተንኮል ያዘለ ምስል ወደ አንድ ባለ ፋክስ ፕሪንተር ልከው ማሽኑን ሲቆጣጠሩትና በእሱ በኩል ወደ ውስጥ ኔትወርክ ሲሻገሩ በአደባባይ አሳይተው ነበር። በዚያው ዓመት ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉት የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ፕሮግራሞች አስተዳዳሪ የነበሩት ሲማ ቨርማ የሐኪም ቢሮዎች በ2020 ከፋክስ ነፃ እንዲሆኑ ጥሪ አቀረቡ። ይኸው 2020 ሲደርስ፣ በቴክሳስ የሃሪስ ካውንቲ የጤና ቢሮ የኮቪድ ምርመራ ውጤት በፋክስ ይጎርፍለት ነበር። ሆስፒታሎቿ አዲስ የፋክስ ማሽን እንዳይገዙ በ2018 መጨረሻ ያገደችው እንግሊዝ ያጣችውን ጸጋ ገና አልተረዳችውም።

(አገር ቤትም ቢሆን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ራስጌና የጨረታ ማስታወቂያ ከስልክና ከፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ጎን የፋክስ ቁጥር መጻፉን አልተወም። ነገር ግን እዚያ ቁጥሩ ለማዕረግ የቆመ ነው፤ ወረቀቱን በእጁ ይዞ የቀረበን ባለጉዳይ «በፋክስ ካልሆነ አልቀበልም» ብሎ የመለሰ ጸሐፊ አላየሁምና፣ የአሜሪካኖቹ ደረጃ ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረናል።)

ከውለታዎቻቸው ሁሉ የላቀው ግን በነፃ የሚሰጡን ትምህርት ነው። ሰነፍ ሰው ወደ ቅጂ ሱቅ ሄዶ በየገጹ ከፍሎ ይልካል፤ ትጉህ ሰው ግን እቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ የፋክስ ሞደም (ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ለመሰካት ይነሣል፤ ኮምፒውተሩ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በሞደሙ ካርቶን ላይ የሚያነበው የዊንዶውስን ስም ብቻ ስለሚሆን ትምህርቱ ከዚያው ይጀምራል። ወደ አምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ቢደውል፣ «የትኛውን ዊንዶውስ ነው የሚጠቀሙት?» ተብሎ በአክብሮት ይጠየቃል፤ የትኛውንም እንደማይጠቀም ሲናገርም ጥያቄው በዚያው አክብሮት ይደገምለታል።

በመጀመሪያው ኮርስ ተማሪው የሚረዳው፣ ሞደም ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ሞደም አለመሆኑን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካዎች ዋጋ ለመቀነስ ሲሉ ሲግናሉን የሚያቀነባብረውን ቺፕ ከካርዱ ላይ አውጥተው ሥራውን ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር አስረከቡ፤ ፕሮሰሰሩ ይህን የሚሠራበትን ሶፍትዌር ግን ለዊንዶውስ ብቻ አዘጋጁ። በዊንሞደም ስም የሚታወቀው ይህ ዕቃ በሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ፣ ድራይቨር የተባለው አግባቢ ሶፍትዌር ካልተገኘለት፣ የስልክ ገመድ ከመያዝ ሌላ አገልግሎት የለውም። በአንጻሩ በሴሪያል ገመድ የሚገናኝ የድሮ ውጫዊ ሞደም፣ ሄይስ ኩባንያ በ1981 ባስጀመረውና «ኤቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት በሚከፈተው የትእዛዝ ቋንቋ ስለሚናገር፣ ማንኛውም ሲስተም ያለ ልዩ ድራይቨር ያዘዋል። ዕቃው በዘመነ ቁጥር የማይታዘዝ መሆኑን ያስተማሩን የፋክስ ጠባቂዎቻችን ናቸው።

ሁለተኛው ኮርስ የንግድ ሥነ ምግባር ነው። የኮኔክሳንት ቺፕ ያለው ሞደም የገዛ የሊኑክስ ተጠቃሚ መፍትሔ የሚያገኘው ሊኑክዛንት ከተባለው የካናዳ ኩባንያ ነበር። የኩባንያው ነፃ ድራይቨር ፍጥነቱ በሰከንድ በ14,400 ቢት የታገደ ሲሆን ፋክስ ፈጽሞ አይልክም ነበር፤ የቸገረው ያው ፋክሱ የሆነ ሰው ፈቃድ መግዛት ነበረበት። በ2004 ደግሞ አንድ ብልሃት ተጋለጠ፦ ከርነል የተባለው የሊኑክስ እምብርት ኮዱ ያልተገለጠ ድራይቨር ሲጫንበት ማስጠንቀቂያ ስለሚያሰማ፣ ኩባንያው የድራይቨሩ ፈቃድ በተጻፈበት መስመር ላይ «ጂፒኤል» ከሚለው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ፈቃድ ስም ቀጥሎ ባዶ ባይት አስገብቶ ነበር። ከርነሉ ባዶውን ባይት የጽሑፉ ማብቂያ አድርጎ ስለሚያነብ፣ ፈቃዱ ለሁሉም ፋይሎች እንደማይሠራ የሚናገረው ቀሪ ሐረግ አይታየውም። ኩባንያውም ይህን ያደረገው ተደጋጋሚው ማስጠንቀቂያ ደንበኞቹን ግራ እንዳያጋባ በማሰብ እንደሆነ አስረዳ፤ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚሄደውም ሰው የመንደሩን ሰላም ላለማወክ አስቦ ይሆናል።

ዋናው ኮርስ ግን ድራይቨሩ ከተገኘ፣ ወይም ተማሪው ነገሩ ገብቶት የራሱ ቺፕ ያለው የዩኤስቢ ሞደም ከገዛ በኋላ ይከተላል። ሊኑክስ ሞደሙን ያየዋል፤ ነገር ግን ተጠቃሚው ሞደሞችን ለማዘዝ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ቡድን ውስጥ ካልገባ አያስነካውም። ቡድኑ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚልከው ሰነድ መጀመሪያ ጎስትስክሪፕት በተባለ ፕሮግራም አማካኝነት በአግድም 1,728 ነጥብ ወዳለው ጥቁርና ነጭ ምስል መለወጥ እንዳለበት ይነገረዋል፤ በተራው ጥራት ከላይ ወደ ታች በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገቡት መስመሮች 98 ብቻ ስለሆኑ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሁሉ፣ የመድኃኒት መጠንን ጨምሮ፣ ለተቀባዩ ግምት የተተወ ይሆናል። ይህም ሲያልፍ የክላስ፣ ማለትም ሞደሙና ኮምፒውተሩ ሥራውን የሚከፋፈሉበት ደረጃ፣ ጥያቄ ይመጣል። በክላስ 1 ሞደሙ ድምፁን ብቻ ሲያወጣ፣ ማን መቼ እንደሚናገርና መቼ ዝም እንደሚል የሚደነግገውን ቲ.30 የተባለ ሥርዓት የሚመራው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ ጊዜው በሚሊሰከንድ የሚለካ በመሆኑም ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሥራ ቢጠመድ ወዲያኛው ማሽን ተስፋ ቆርጦ መስመሩን ይዘጋል። በክላስ 2 ሥርዓቱን የሚመራው ሞደሙ ነው፤ ሆኖም ፋብሪካዎቹ ደረጃው ገና ረቂቅ ሳለ ተሽቀዳድመው ስለሠሩት፣ በመጨረሻ የጸደቀው ደረጃ ክላስ 2.0 ተብሎ ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ። በአንድ ነጥብና በአንድ ዜሮ የሚለያዩትን እነዚህን ሁለቱን በውቅር ፋይሉ ውስጥ አለማደባለቅ ኢፋክስ ወይም ሃይላፋክስ የተባሉትን የፋክስ ፕሮግራሞች ለሚጠቀም ሰው የምረቃ ፈተናው ነው።

ተመራቂው ቁጥሩን ሲደውል ሞደሙ በመካከሉ ሦስት ሰከንድ እያረፈ ለግማሽ ሰከንድ ያህል በ1,100 ኸርዝ ያፏጫል፤ ተቀባዩ በ2,100 ኸርዝ ይመልሳል፤ ከዚያ በሰከንድ 300 ቢት ብቻ በሚያልፍበት የተከበረ ዝግታ ይተዋወቁና ገጹን በ14,400 ለማሳለፍ ይሞክራሉ፤ መስመሩ ካልተስማማቸው እስከ 2,400 ድረስ ይወርዳሉ። የዛሬ ሰው የቤት ስልክ በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚሄድ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያጣፍጠዋል፤ ለሰው ንግግር ተብሎ የተዘጋጀው የድምፅ መጭመቂያ የሞደምን ጩኸት ያበላሸዋል፤ የኢንተርኔቱ ፓኬቶች መዘግየትም በሚሊሰከንድ የተሰፈረውን ሥርዓት ያናጋዋል። ለዚሁ ችግር ተብሎ ቲ.38 የተባለ መላ በ1998 ወጥቷል፤ ሁለቱም ወገንና በመካከል ያለው የስልክ ኩባንያ ከተቀበሉት ይሠራል።

እንዲህ ተብሎ የተላከው ገጽ ክሊኒኩ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ማወቅ የውዳሴያችን ማረፊያ ነው። ብዙዎቹ ተቀባዮች ወረቀት የሚተፋውን ማሽን ከተዉት ሰንብተዋል፤ የፋክስ ቁጥሩን የሚመልሰው ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ የሰማውን ፉጨት መልሶ ወደ ምስል፣ ምስሉንም ወደ ፒዲኤፍ ይለውጥና ለሠራተኛዋ በኢሜይል ይልክላታል። ሠራተኛዋም ከሁለቱ ስክሪኖቿ በአንዱ ላይ ትከፍተዋለች፤ ፊርማው ደብዝዞ ካልተነበበላት ታካሚው ቅጹን በድጋሚ እንዲልክላት ትደውልለታለች፤ በእርግጥ በፋክስ።