ድሪቶ አትበሉት

ነገሩን የጀመረችው ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ፎቶ ላከችልኝ። ከአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ጨርቆች የተሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። "ኩዊልት ይባላል። በእጅ የተሠራ ነው። በ300 ዶላር ገዛሁት" ብላለች።

ስልኬን ይዤ ወደ እማዬ ሄድኩ። መነጽሯን አደረገች። ፎቶውን አቀረበች፣ አራቀች።

"ምን ቸግሯት ነው?" አለች።

"ማን?"

"ልጅቷ ነቻ! አሜሪካ ድረስ ሄዳ ድሪቶ ትልበስ?"

ድሪቶን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሲቀደድ የተጣፈ፣ የተጣፈው ሲቀደድ ደግሞ በላዩ ላይ የተጣፈ ልብስ ነው። ዋናው ጨርቅ የቱ እንደነበር በመጨረሻ ባለቤቱም አያውቀውም። በእማዬ ልጅነት ድሪቶ የሚለብሰው ሌላ የሌለው ነበር። አሁን አሁን ድሪቶ ሲባል የምሰማው ለጽሑፍ ነው። የመሥሪያ ቤታችንን ዓመታዊ ሪፖርት ውሰዱ። የአምናው ላይ የዘንድሮ ቀን ይጣፍበታል። የአምናውም የካቻምናው ነበር።

እማዬን ላሳምን ብዬ ያነበብኩትን ነገርኳት። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የመንደሯ ጥቁር እናቶች ካረጀ የሥራ ልብስ እንዲህ ያለ ብርድ መከላከያ ይሰፉ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራቸው ኒውዮርክ ሄዶ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 ደግሞ በአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጣ።

"ግድግዳ ላይ?" አለች እማዬ። "ግድግዳው በርዶት ነው?"

እኔ ግን ወስኛለሁ።

እኛ ቤት ጨርቅ ሞልቷል። ቁምሳጥኑ አይዘጋም። አልጋ ሥር ሁለት ሻንጣ፣ ቁምሳጥን ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሮጌ ልብስ አለ። አሥር ዓመት ዞር ብሎ ያየው የለም። መቀስ ሳነሳ ግን እያንዳንዱ ጨርቅ ጠበቃ አቆመ።

መጀመሪያ የመጣው አባዬ ነው። የያዝኩት ካኪ ሱሪ የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ልብሱ ነው።

"ይሄን ለብሼ ነው ገበሬ ያስተማርኩት!"

"አባዬ፣ አሁን እኮ አንድ እግርህም አይገባበትም።"

"እለብሰዋለሁ አልኩ? ይቀመጥ ነው ያልኩት።"

ከብዙ ድርድር በኋላ የኋላ ኪሱን ፈቀደ። እሱንም ከነቁልፉ፣ በአልጋው በእሱ በኩል እንዲሰፋ።

ወንድሜ ቀጠለ። አርሰናል ሳይሸነፍ ዋንጫ በወሰደበት ዘመን የገዛውን ማሊያ ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። ለሁለት ቀን አላናገረኝም። እማዬ ደግሞ ድሪቶ ነው ያለችውን ረስታ ጥቁር ቀሚሶቿን ለየች። "ሐዘን አልጋ ላይ አይነጠፍም" አለች። እዚህ ላይ አልተከራከርኳትም።

የቀረኝ ከነቴራና ጂንስ ነው።

እኛ ቤት ከነቴራ የሚገዛ የለም። ይታደለናል። የተከፈለበት የታላቁ ሩጫ ብቻ ነው። ሩጫው በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር አንስቶ ወንድሜ ቀርቶ አያውቅም። ይሮጣል ግን አላልኩም። አሥሩን ኪሎ ሜትር እየጨፈረ ነው የሚጨርሰው። "2000" ተብሎ የተጻፈበት የሚሌኒየሙ ከነቴራ አለን። የምርጫም አለን። የየትኛው ፓርቲ ነው እንዳትሉኝ፣ የሁሉም አለን። እማዬ ከነቴራ የሚሰጣትን ሰው ፖለቲካውን አትጠይቀውም። ሁሉንም ትመርቃለች። ከሁሉም የሚበዛው ግን የሥልጠናው ነው። አዳማ ሦስት ቀን ሰልጥኜ፣ አበል በልቼ የመጣሁበት አለ። ጀርባው ላይ "አቅም ግንባታ" ይላል። ከሥልጠናው የቀረልኝ አቅም እሱ ከነቴራ ነው።

መቀሱም ያለ ርኅራኄ ቆረጠው። "አቅም ግን" የሚለው ብቻ ቀረ። የምርጫው "ድምፅዎን ይስጡን" ይል ነበር፣ "ይስጡን" ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰፋኋቸው። "አቅም ግን ይስጡን።" የዓመቱን ምርጥ ሪፖርት የጻፍኩት ሳላስበው በመቀስ ነው።

ስፌቱ ሌላ ጣጣ ነበረው። እማዬ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር አላት። ለዓመታት ዳንቴል ለብሳ ቴሌቪዥን ተሸክማ ኖራለች። ቴሌቪዥኑን አውርደን ዘይት አጠጣናት። ሠራች። መብራት ሲጠፋ እኛ ቤት የማይቆም ነገር እሷ ብቻ ናት።

ሒሳቤም በወረቀት ላይ ልክ ነበር። 20 በ20 ሳንቲም የሆነ ካርቶን ቆረጥኩ። በሳሙና ስባሪ እያሰመርኩ 90 ቁራጭ አወጣሁ። ወደ ጎን ዘጠኝ፣ ወደ ታች አሥር። 1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር ሊሆን ነው ማለት ነው። ሰፍቼ ስለካው 1 ሜትር ከ62 በ1 ሜትር ከ80 ሆኖ ቁጭ አለ። አባዬ ሲለብሰው እግሩ ውጭ አደረ።

"ስፌት ጨርቅ እንደሚበላ አታውቂም?" አለች እማዬ። "ዩኒቨርሲቲ ምንድን ነው ያስተማሩሽ?"

በየጎኑ አንድ አንድ ሳንቲም ወደ ውስጥ ይገባል። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሳንቲም ሄደ። ዙሪያውን ሌላ ረድፍ ቀጠልኩ። ከነቴራ ሲሰፋ ይለጠጣል፣ ጂንስ ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን የማስታረቅ ሥራ የሽምግልና ያህል ነው። ሁለት መርፌ ተሰበረ። መሃሉ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ከተትኩ፣ ለገበሩ አቡጀዴ ገዛሁ። ሦስቱን በመርፌ ቁልፍ ያዝ ያዝ አድርጌ በላዩ ሰፋሁበት። አንዱን መርፌ ቁልፍ ሳላወጣው ቀርቶ አባዬ አገኘው። በምን እንዳገኘው አልነግራችሁም።

ቅዳሜ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጡ። የአልጋ ልብሱ ሶፋው ላይ ተነጥፏል።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ የታች ቤቷ እትዬ።

እማዬ ጀበናውን አስቀመጠች። ቀና አለች።

"ኩዊልት ነው። አሜሪካ 300 ዶላር ይሸጣል።"

አፌን ከፍቼ አየኋት። ዞር ብላም አላየችኝ። እትዬ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

"ወይ ጉድ! እኛን እኮ እናታችን በዚህ ነው ያሳደገችን። ለካ ሀብታም ነበርን?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው ቡና ላይ እማዬ ዋጋውን 400 አድርሳዋለች።

አባዬ ኪሱን ወዶታል። ማታ ማታ ሪሞቱን እዚያ ከትቶ ይቆልፍበታል። ከዚያ ወዲህ ቻናል መቀየር የሚፈልግ ሰው አባዬን መቀስቀስ አለበት።

ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ይምታው ብዬ አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ቡና እየቀረበ ነበር። "ልዋጭ! ልዋጭ አለ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ልጁ ባልዲና ጆግ ተሸክሞ አጥራችን ጋ ቆመ። ያንን የስንት ሳምንት ድካሜን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ አነሳው።

"እማማ፣ ይቺን ድሪቶ በባልዲ እንለውጣት?"

ደሜ ፈላ። ልነግረው ነው፤ አላባማን፣ ሙዚየሙን፣ ቴምብሩን። እማዬ ቀደመችኝ።

"ባልዲው ከነክዳኑ ነው?"

"እማዬ!"

አባዬ ከሳሎን በመስኮት ብቅ አለ። የሚደርስልኝ መሰለኝ።

"ቆይ! ቆይ! እንዳትሰጡት!" አለ። "ሪሞቱን ሳላወጣ!"